የድልድዩን ብረት የተደገፈው ሰው

ሠዓሊዋን መጀመሪያ ያገኟት መምህርቷ ናቸው። ጠዋት በቀጠሯቸው መጥተው የስቱዲዮውን በር ቢያንኳኩ መልስ አጡ፤ ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። ፖሊስ ሲደርስ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ነበር። አንገታቸው ባዶ ነው። የአንገት ልብሳቸውን የሟቿን ፊት ሸፍነውበታል።

«ምንም ነገር መንካት አልነበረብዎትም» አለቻቸው ሳጅኗ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ዓይኗ እንደተከፈተ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ የበሩን እጀታ ያያል። መሥሪያ ቤት ውስጥ «አባ ቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሌላው መርማሪ ተጠርጣሪ ይዞ፣ ቃል ተቀብሎ፣ ሻዩን ሲጠጣ እሱ ገና የበሩን እጀታ እያየ ነው እያሉ ይስቁበታል። እሱም ስሙን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። አንድ ቀን ሚስቱ በዚሁ ስም ስትጠራው ብቻ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር።

ስቱዲዮው ድሮ ጋራዥ የነበረ ሰፊ ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ አሁንም የዘይት ጠባሳ አለ። ግድግዳውን የሞሉት የጦርነቱ ዘመን የጋዜጣ ፎቶዎች ናቸው። የሰው ቁመት አክለው ታጥበዋል፤ ሠዓሊዋ ደግሞ በላያቸው በቀለም ሠርታባቸዋለች። ጥቁርና ነጩን እንዳለ ትታ ከእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ቀለም ታለብሳለች። ለዳቦ ከተሰለፉት ሴቶች የአንዷን ጫማ፣ ጣሪያው ከወደቀ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር። ተመልካቹ ያችን ብቻ አይቶ እንዲቆም ነው። ቅዳሜ ለሕዝብ ሊታዩ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር።

እሷ የወደቀችው ከሁሉም በሚበልጠው ሥዕል ሥር ነው። ፎቶውን አገር ያውቀዋል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የትምህርት መጽሐፉ ላይ አይቶታል። ወታደሮች ግማሹ የፈረሰ ድልድይ ይዘው ቆመዋል። ከፊት መቶ አለቃው አለ፤ በኋላ ኮሎኔል ሆኖ፣ ተከብሮ ኖሮ፣ ተከብሮ የሞተው። ከኋላ ደግሞ የድልድዩን ብረት የተደገፈ አንድ ረጅም ወታደር ይታያል። የዚህ ሰው ደረት ላይ ቀለሙ በስለት ተፍቆ ወረቀቱ ድረስ ተልጧል።

«ተገፍታ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ከተንበረከከበት እየተነሣ። «ጭንቅላቷ ያንን የወረቀት መቁረጫ ጥግ መታው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ይሆናል።» ጓንቱን ሲያወልቅ ቆየና፣ «ወዲያው ግን አልሞተችም። ሰው ቢደርስላት ትተርፍ ነበር» አለ።

ሳጅኗ ሥዕሉን ቀና ብላ አየች። «ይሄን የፋቀው ሰው ነው የገፋት። ያስታውቃል።»

«ያስታውቃል» አለ አባ ቀስ። ይህን ቃል የሚናገረው ሳይስማማ ሲቀር ነው።

ሠዓሊዋ ከአንድ ባልደረባ ጋር ነበር የምትሠራው። እሱ በጨለማ ክፍል ፎቶውን ያጥባል፣ ያሳድጋል፤ እሷ ትቀባለች። በሙያው ሰዎች ዘንድ ሁለቱም በአንድ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ባልና ሚስት የሚመስሏቸውም ነበሩ። አልነበሩም። አጣቢው አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹ በማጠቢያው መድኃኒት ብዛት ቢጫ ሆነዋል። ያን ቀን ጠዋት እንደ ጨርቅ ነጥቶ ከጨለማ ክፍሉ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ይሄ ረጅሙ ሰውዬ መጽሐፉ ላይ አልነበረም» አለው አባ ቀስ።

«አልነበረም። እኛ ነን ያወጣነው።» አጣቢው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ነፍስ ዘራ። «ከጋዜጣ ቤቱ የተዋስነው የድሮ ፎቶ ላይ፣ እዚያ ጋ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጋዜጦች ያልፈለጉትን ሰው በብሩሽ ያጠፉ ነበር። እሷ በእርጥብ ጥጥ ጠረግ ጠረግ ስታደርገው፣ ሰውየው ብቅ አለ። ያን ዕለት ሁለታችንም አልቅሰናል።»

«ማን እንደሆነ ታወቀ?»

«ጋዜጦች ሲያወጡት እትዬ መምህር መጡ። አባታቸው ከዚያ ድልድይ ሸሽቷል ተብሎ የቀረ ሰው ነው። ለካ አልሸሸም። እዚያው ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላስ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ። ለቅዳሜ የቀሩትን ሳጥብ ዋልኩ። በሩ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ማንም አይከፍትብኝም፤ ውሃው ሲወርድ ደግሞ ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም። ስጨርስ በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ።» ወለሉን እያየ፣ «እሷ እዚያ ወድቃ፣ እኔ በጓሮ በር» አለና ቢጫ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

አባ ቀስ መሀረቡን ሰጠው።

«የሚጠላት ሰው ነበር?»

«የኮሎኔሉ ልጅ ሰሞኑን ሲዝትባት ነበር።»

የኮሎኔሉ ልጅ የቤት ዕቃ መደብር አለው። ከሽያጭ ወንበሮቹ በአንደኛው ላይ ተቀምጦ፣ ኢንስፔክተሩንና ሳጅኗን ዋጋ በተለጠፈበት ሶፋ ላይ አስቀመጣቸው። ሲናገር መደብሩ ውስጥ ያለው ገዢ ሁሉ ዞር ዞር ይላል።

«ዝቻለሁ! ምን ይደረግ? አባቴ ከሞተ በኋላ ከድልድዩ ላይ ሊያወርዱት ነው እንዴ? ‹ሌላ ጀግና ነበር፣ በብሩሽ አጠፉት› ተባለ። ማን አጠፋው? አባቴ? አባቴ ብሩሽ ይዞ አያውቅም!»

«ትናንት ሄደው ነበር?»

ሰውየው ድምፁ ወረደ። «ሄጃለሁ። አልክድም። ከምሳ በኋላ ነው። ልጮህባት ነበር የሄድኩት፤ ግን እሷ ራሷ በስለት ያንን ሰውዬ ስትፍቅ ደረስኩ።»

«እሷ ራሷ?» አለች ሳጅኗ፣ ቅንድቧን አንሥታ።

«እሷ ራሷ። ‹ቅዳሜ የሚያዩት ነገር አያስቀይምዎትም› አለችኝ። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም፤ ‹ይሄ ማነው?› ብዬ ጣቴን ሥዕሉ ላይ ስቀስር ቀለሙ እርጥብ ኖሯል። ይኸው የሸሚዜ እጅጌ ተበላሸ። ልታጠብ ብል ቧንቧው ደረቅ፤ ጋዝ የነካ ጨርቅ ሰጠችኝ። እስከ ማታ ስሸት ነበር፤ ሚስቴ ‹ነዳጅ ማደያ ነው የዋልከው?› አለችኝ። ስወጣ እሷ ስልክ ይዛ ነበር። ‹እትዬ፣ ነገ ጠዋት ይምጡልኝ፤ በስልክ የሚነገር አይደለም› ስትል ሰምቻለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኗ መታገሥ አቃታት። «ዓይኑን በጨው አጥቦ! ሠዓሊ የገዛ ሥዕሏን ለምን ትፍቃለች? ዛቻው አለ፣ ቀለሙ እጅጌው ላይ አለ፣ ከሰዓት መሄዱን አምኗል። ምን ቀረን?»

«መምህርቷ ቀሩን» አለ አባ ቀስ።

የመምህርቷ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ወለሉ ተጠርጎ ያበራል። በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ የትምህርት መጽሐፍ በየዘመኑ እየታተመ የወጣው ሁሉ ተደርድሯል፤ ሽፋኑ ይለያያል እንጂ መጽሐፉ ያው ነው። አንዱን ሲስቡት ብዙ ጊዜ የተከፈተው ገጽ ላይ በራሱ ተገለጠ። ድልድዩ ነው።

«ጡረታ እስክወጣ ይሄን ነው ያስተማርኩት» አሉ። «የሸሸ ወታደር እንደነበረ ከታች ተጽፏል። ስም የለውም። እናቴ ግን ስሙን ታውቀዋለች፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል። ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሰው ሲበተን ጠብቃ ነበር የምትወጣው። እኔ አስተማሪ ሆንኩና በየዓመቱ ይሄ ገጽ ይመጣል። ልጆቹ ‹የሸሸው ማነው?› ይሉኛል። ‹አንድ ሰው ነው› እላቸዋለሁ። ይኸው ነው። የአባቴ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

አባ ቀስ መጽሐፉን በቀስታ ዘጋው። «ፎቶው ላይ አባትዎን እንዴት ለዩ?»

መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጎረቤቴ ጋዜጣውን ይዛልኝ መጣች። ‹አባትሽ ነው አይደል?› አለችኝ። እየሣቀች ነበር። አባቴን ጠርታ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም፤ አብረን ነው ያረጀነው።»

«ሠዓሊዋ ዛሬ ለምን ነበር የቀጠረችዎት?»

«አልነገረችኝም። ድምጿ ግን ልክ አልነበረም።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚህ፣ ብቻዬን። ምስክር የለኝም፣ ልጄ። የእኔ ነገር መቼም ምስክር ኖሮት አያውቅም።»

አባ ቀስ ተሰናብቶ ወጣ። እኚህ ሴት በስተርጅና ያገኟትን አንዲት ነገር ማንም እንዳይነጥቃቸው ለራሱ ተመኘ፤ ለመርማሪ የማይገባ ምኞት ነው።

በማግሥቱ ብቻውን ወደ ስቱዲዮው ተመለሰ። ሳጅኗ አለቆች ዘንድ ሄዳ የኮሎኔሉን ልጅ ለማሰር ፈቃድ ስትጠይቅ፣ እሱ የሟቿን ሽርጥ እያየ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስለት አለ፤ ስለቱ ላይ ደግሞ ከሥዕሉ የተፋቀው ቀለም ደርቋል። ከጥፍሮቿም ሥር ይኸው ቀለም መገኘቱን ሐኪሙ ነግሮታል። እንግዲያው ሰውየው አልዋሸም፤ የፋቀችው ራሷ ናት። የገዛ ሥራዋን፣ ለዚያውም አገር ያወራለትን፣ ቅዳሜ ሊከፈት ሲል ምን አስፋቃት?

እጁን የቀለሙ ብናኝ ነክቶት ነበርና ጨለማ ክፍል ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው አስነጠሰ፤ አጉረመረመ፤ ከዚያ ዝገት የመሰለ ውሃ ተፋ። አባ ቀስ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ውሃው እስኪጠራ ጠበቀ፤ ከጠራም በኋላ እዚያው እንደቆመ ቀረ።

ቀና ሲል ከመታጠቢያው በላይ ባለች ትንሽ መስታወት ውስጥ ራሱን አየ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው፣ ጢሙ ያልተላጨ። እስክሪብቶው እንደወትሮው በግራ ደረት ኪሱ ተሰክቷል፤ መስታወቱ ውስጥ ላለው ሰው ግን በቀኝ ነው።

ወደ ትልቁ ሥዕል ሄደ። መቶ አለቃውን አየ። የደረት ኪሱ በግራ ነው። ቀጥሎ የቆመውን አየ፤ በግራ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ነው የለበሱት፣ ሁሉም በግራ። ከረጅሙ ሰው ደረት ላይ ከፍቀቱ የተረፈች የኪስ ጫፍ አለች። በቀኝ ናት። አዝራሮቹም እንደ መስታወት ምስል ተገልብጠዋል። እሷም ኪሱን በልማድ በግራ ስትቀባ፣ ከሥሩ ያለው ፎቶ አልገጥም ሲላት ነው ያየችው።

ለሳጅኗ ደወለላት። «ፈቃዱን ተይው። ይልቅ ውሃ ሥራዎች ደውይና ያን ቀን በዚህ ሠፈር ውሃ ነበር ወይ በይ። እኔ ጋዜጣ ቤት ነኝ።»

የጋዜጣው የፎቶ ክፍል ኃላፊ ጉንፋን የያዛት ወፍራም ሴትዮ ናት። ስለ ሠዓሊዋ ስትጠየቅ መሀረቧን ለአፍንጫዋ ብቻ አልነበረም የፈለገችው።

«ከመሞቷ በፊት ባለው ቀን መጥታ ነበር። ኔጋቲቩን አሳዪኝ አለችኝ። ያንን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁሉም የሚፈልገው የታጠበውን ነው። እኔም የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ስንፈልግ ስንፈልግ ከሌላ ሣጥን ተገኘ።»

«የታጠበውን መጀመሪያ ማነው የወሰደው?»

«አጣቢው ነዋ። ቶሎም አልመለሰው፤ ጨቅጭቄው ነው ያመጣው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም አብረው መጥተው የተዋሱት።»

ኔጋቲቩን ከሥር መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት፤ ማጉሊያ ሰጠችው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ መቶ አለቃው አለ። ወታደሮቹ አሉ። የድልድዩ ብረት አለ። ብረቱን የተደገፈ ሰው ግን የለም፤ እዚያ ቦታ ወንዙ ብቻ ነው የሚታየው።

«እሷ ይሄን ስታይ ምን አለች?»

«‹ወንበር ስጪኝ› አለች። ሌላ ምንም አላለችም።»

አጣቢውን ያገኘው ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ዕቃውን ሲሰበስብ ነው። ሳጅኗ በር ላይ ቆመች። አባ ቀስ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እሷ የሞተች ዕለት ምን ስትሠራ ዋልክ አልከኝ?»

«ነገርኩዎት እኮ። ፎቶ ሳጥብ።»

«በምን?»

አጣቢው አልገባውም።

«በምን አጠብካቸው?» አለ አባ ቀስ እንደገና፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ከጠዋት እስከ ማታ ሠፈሩ በሙሉ ውሃ አልነበረውም።»

አጣቢው ወደ ቧንቧው ዞሮ አየ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምለው» አለ በመጨረሻ። «ሰው የት ነበርክ ሲለኝ፣ ሳጥብ ነበር፣ ውሃው እየወረደ አልሰማሁም። አፌ ለምዶት ነው።»

«ሰውየውን ከየት አመጣኸው?»

«ከሌላ ኔጋቲቭ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ የት እንደተነሣም አልተጻፈበትም። ብርሃኑ ከድልድዩ ጋር አልገጥም ሲለኝ ገልብጬ አጠብኩት። ኪሱን ልብ አላልኩም። ከዚያ ከላዩ ግራጫ ቀለም ቀባሁበትና በዋናው ፋንታ ጋዜጣ ቤት መልሼ ለእሷ ተውኩላት። ራሷ እንድታገኘው።»

«ለምን?»

«ለኤግዚቢሽኑ። አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ ለዝና ነው። ማንን ይጎዳል ብዬ። ከዚያ እትዬ መጡ።» ቢጫ ጣቶቹን ዘረጋ። «ይሄን የቆሸሸ እጄን ይዘው ‹እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ውሸት ነው ልበል? እሷ ኔጋቲቩን አይታ መጣች፤ ሰውየውን ከሥዕሉ ፍቃ አጠፋችው። ‹ለእትዬ ደውያለሁ፣ ነገ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ› አለች። ‹አሮጊቷን ልትገድያቸው ነው!› አልኳት። ሰማችኝ? አልሰማችኝም። ገፋኋት።»

«ወዲያው አልሞተችም።»

«አላወቅኩም።»

«አላየሃትማ። ብታያት ታውቅ ነበር።»

«እዚህ ገባሁ» አለ አጣቢው። «በሩን ዘግቼ ቀዩን መብራት አበራሁ። የማጥበው ነገር አልነበረኝም። ዝም ብዬ ቆምኩ።»

ሳጅኗ ካቴናውን ስታወጣ አባ ቀስ ተነሥቶ ወጣ። ሌሎች የያዛቸው መዝገቦች ሲፈቱ ቀለል ይለው ነበር፤ ይሄኛው ከበደው። ምክንያቱም ከእንግዲህ ሄዶ ለመምህርቷ የሚነግራቸው እሱ ነው። አንዲት ሴት ልትናገረው ስትል የሞተችበትን ነገር፣ እሱ ተናግሮት ሊመለስ ነው።

መምህርቷ በሩን ሲከፍቱለት ገና ፊቱን አይተው ወንበር አቀረቡለት። የአንገት ልብሳቸውን ታጥቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር ያመጣላቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዙት።

«ማነው?»

ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ልጅ? ለምን?»

አባ ቀስ እንደ ስሙ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳቸው። ኪሱን፣ ኔጋቲቩን፣ ባዶውን ብረት። «እርስዎ እንዳይሰሙ ብሎ ነው። ሰውየው አባትዎ እንዳልሆነ ቢያውቁ ቅስምዎ የሚሰበር መስሎት።»

ውጭ አንድ ሰው ጎረቤታቸውን ሲጠራ ይሰማል።

«አባቴ አጭር ነበር» አሉ።

አባ ቀስ ቀና አለ።

«እናቴ የወታደር ሱሪውን ስታሳጥርለት ትዝ ይለኛል። የተቆረጠው ጨርቅ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ይሆን ነበር፤ ያን ያህል ነበር የሚተርፈው። ያ ሰውዬ ከመቶ አለቃው ይበልጣል። ጋዜጣውን ባየሁበት ቅጽበት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን...»

«ጎረቤቴ ሣቀችልኝ፣ ልጄ። በዚያ ሣቅ ፊት አይደለም ማለት አቃተኝ። በማግሥቱ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ እነዚያን ልጆች ላመሰግናቸው ሄድኩ።» እጃቸው የአንገት ልብሱን ወረቀት ጨመደደው። «እሷ ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ እላት ነበር። አብረን እናለቅስ ነበር። በቃ። ሌላ ምንም አይሆንም ነበር። ሰው የሞተው እኔ ለማውቀው ነገር ነው!»

አለቀሱ። አባ ቀስ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ፊታቸውን ጠርገው ሲጨርሱ፣ በክፍል ውስጥ እንደነበሩበት ጊዜ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ቃሌን ትቀበለኛለህ አይደል? ለፍርድ ቤቱም፣ ለጋዜጣውም፣ ለጎረቤቶቼም አንድ ይሁን። ጻፍ።»

አባ ቀስ እስክሪብቶውን ከግራ ኪሱ አወጣ።

«ፎቶው ላይ ያለው ሰው አባቴ አይደለም» አሉ። «አባቴ ይሸሽ አይሸሽ እኔ አላውቅም። አጭር ሰው ነበር፤ እወደው ነበር። ስሙም» አሉና ቆሙ። ከዚያ የአባታቸውን ስም ከነአያቱ፣ ጮክ ብለው፣ ለተማሪ ቃል እንደሚያስጽፍ መምህር እየለያዩ ተናገሩ።

አባ ቀስ ጻፈው። አንዲት ፊደል እንዳታመልጠው፣ ቀስ ብሎ።